ሊባኖስ ያልሆነው ትምህርት ወራሽ

እኔ ትዕግሥት ከፍያለው፣ ዕድሜዬ አሥራ ሰባት፣ የጋርላንድ ነዋሪ፣ አከርካሪዬ እንደ ጥያቄ ምልክት ቢጎብጥም አእምሮዬ ቀጥ ያለ ሆኖ፣ ዛሬ እሑድ መጋቢት 14 ቀን 2000 ዓ.ም. ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። ነገ ጠዋት ሆስፒታል ጀርባዬን ይከፍቱታል። ሐኪሙ «ኖ ፕሮብሌም» ብሎኛል፤ አባቴም ያቺን መኪናውን ሲገዛ እንደዚሁ ተብሎ ነበር።

ጸሐፊዬ የአባቴ ወዳጅ ጋሽ ኃይለ መስቀል ናቸው። አገር ቤት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ እዚህ የኤርፖርት ፓርኪንግ ይጠብቃሉ። የተባለውን ሁሉ፣ እሳቸው የሚያቋርጡኝንም ጭምር፣ እንዲጽፉ ቃል አስገብቻቸዋለሁ።

«ለአካለ መጠን ያልደረሰ ሰው አይናዘዝም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ለቢላዋ ከደረስሁ ለኑዛዜም ደርሻለሁ።»

«ምላስሽንም አብረው ቢያደነዝዙልን!» አሉና ጻፉ።

አንደኛ፣ አይፖዴን እዚሁ አጠገቤ ለተቀመጠችው ጓደኛዬ ለጁወይሪያ ሰጥቻለሁ። ውስጡ ያለውን እናቷ ፊት እንዳትከፍተው።

ሁለተኛ፣ ስልኬን ለአባቴ አውርሻለሁ፤ አሁን ፋርመርስ ብራንች ዌርሃውስ ዕቃ እየጫነ ነው። የእኅቱ የየትምወርቅ ቁጥር ውስጡ አለ። ነገ እንድትመጣልኝ ለምኛት «አባትሽ ካልጠራኝ አልመጣም» ብላለች። ሶ፣ ኮል ማድረግ ካፈረ ቴክስት ያድርግ።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ጋራዥ ውስጥ ከአሮጌ ጎማ ሥር ያሉት ካርቶኖች ናቸው። የአክስቴ መጻሕፍት ናቸው፤ አባቴ ቅዳሜ ሊጥላቸው ነው። የትምወርቅ ዴንተን ከተማ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረውን ትምህርት ስም ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች የነገረች ዕለት፣ እኚሁ ጸሐፊዬ «ሊባኖስ» ብለው ሰሙ። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ማይክ ይዘው «ልጃችን የደብረ ሊባኖስን ታሪክ በዶክትሬት ደረጃ ታስተምራለች!» አሉ። እልል ተባለ። ዝም ብትል ኖሮ እስከ ዛሬ እልል እንዳሉላት ነበር። እሷ ግን ማይኩን ተቀብላ «ሊባኖስ አይደለም፤ ........ ነው። ሴት የሚወዱ ሴቶችን ታሪክና ሕይወት ያጠናል» አለች። (ቃሉን ጋሼ ባዶ ትተውታል።) ከዚያ ወዲህ ቤታችን ተጠርታ አታውቅም። እኔ ግን በስልክ አላቋረጥኋትም።

«ይህ እንኳ ቢቀር» አሉ ጋሼ።

«ቃል ገብተዋል እኮ!»

አክስቴ እንደ ነገረችኝ፣ ትምህርቱ ሲጀመር ሴቶች ሳሎን ተሰብስበው በፎቶ ኮፒ የሚያነቡት ነገር ነበር። ቆይቶ ኮርስ ሆነ፤ መጽሔትና የላይብረሪ መደርደሪያም አገኘ። አሁን ደግሞ በሌላ ሰፊ ስም ሊጠቀልሉት ነው። «ቤቱ ሲሰፋ የእኛ ክፍል ይጥፋ?» ትላለች። ስታስተምር ወንበሩ ከተማሪው ይበዛል። በአማርኛማ ለእነዚህ ሴቶች ስድብ ብቻ ነው ያለው። ሴቶቹ ግን በአማርኛም ኖረዋል፤ የጻፈላቸው ጠፋ እንጂ።

ስለዚህ ካርቶኖቹን ያወረስሁት ጋርላንድ ወይም ካሮልተን ውስጥ ራሷን በአማርኛ ፈልጋ ላጣች ለሚቀጥለዋ ልጅ ነው። እስክትመጣ ጁወይሪያ ትጠብቃቸው። ከተነሣሁ ግን የመጀመሪያዋ ወራሽ እኔ ነኝ፤ አባቴ ነርሲንግ ተማሪ ቢለኝም የአክስቴን ትምህርት እማራለሁ። አክስቴን ስለምወድ ብቻ አይደለም።

«ሌላውስ ምክንያት?» አሉ ጋሼ።

«ያውቁታል፣ ጋሼ።»

እስክሪብቷቸው ቆመ። ጁወይሪያ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። ይህም ይጻፍ፦ ይህን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ እኔ ከአክስቴ አስቀድሜ የወረስሁት እሱን ነው።

ጋሼ እስክሪብቷቸውን እንደገና አነሡ። «የትምህርቱን ስም ምን ብዬ ልጻፍ? ሊባኖስ ብዬ ልለፈው? አባትሽ ያነበዋል፣ ልጄ።»

«እንዳለ ይጻፉት።»

«በ‹ሊ› ነው በ‹ሌ›?»

«በ‹ሌ›፣ ጋሼ።»

ሌዝቢያን ስተዲስ።

ተናዛዥ፦ ትዕግሥት ከፍያለው፣ ተኝቼ ስለፈረምሁ ፊርማዬም ጎብጧል።

ምስክሮች፦

ጁወይሪያ ዓብዱልወሃብ፣ ፈርሜአለሁ።

ኃይለ መስቀል እንየው፣ ጸሐፊ። ከላይ ባዶ የተውሁት ቃል ይኸው ነው። ጎማዎቹን ከካርቶኖቹ ላይ አንሥቻለሁ።

ዶክተር የትምወርቅ፣ ቦታዋ ክፍት ነው። እኔ ኃይለ መስቀል ደወልሁ፤ አላነሣችም። «ሊባኖስ ያልሁት ሰውዬ ነኝ» ብዬ መልእክት ትቻለሁ።