አምስተኛው ሃሽታግ

ሰኞ፣ ማርች 3

የአማቴን ሺርዳክ ፎቶ ለጠፍኩ። ሁለት ክረምት ሙሉ የሰፉት የሱፍ ምንጣፍ። ሠላሳ ሃሽታግ ደረደርኩበት... ውበት፣ ፍቅር፣ ተራራ፣ ፈረስ። ፈረስን ምን አገባው? ከሰዓት ሳየው አራት ሰው ወዶታል። አንዱ ወንድሜ ነው፤ አንዱ ናሪን ውስጥ ጎማ የሚሸጥ ሰውዬ።

አማቴ ሰው አየው ወይ አሉኝ። እያዩት ነው አልኩ። ዋሸሁ። ይሄንንም የሚፈልግ ከጠፋ መርፌዬን አስቀምጣለሁ ብለዋል። ያለ መርፌ ምን ሊሆኑ ነው?

ዓርብ፣ ማርች 7

ቺናራ ደወለች። አብራኝ የተማረች፣ አሁን ቢሽኬክ የሱቅ ዕቃ ፎቶ እያነሳች የምትለጥፍ። ሳቀችብኝ። ውበት ብሎ ለሚፈልግ ሰው ሚሊዮን ፎቶ ይመጣለታል፣ ያንቺን በየት በኩል ያገኘዋል? አምስት ይበቃል አለች፤ ሺርዳክ፣ ሱፍ፣ የእጅ ሥራ፣ የመንደራችን ስም አት-ባሺ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሠሪዋ ስም። ድሮ ገበያ ላይ ከእሳቸው የገዙ ሰዎች በስማቸው ነው የሚፈልጓቸው።

"ስማቸውንማ አልችልም።"

"በጣትሽ እኮ ነው የምትጽፊው፣ በአፍሽ አይደለም።"

ለእሷ ቀላል ነው፤ አላገባችም። በእኛ ወግ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ መጻፉም ለእኔ ያው ነው። ዘጠኝ ዓመት አልጠራሁም። ጤና ጣቢያ ነርሷ ስማቸውን ስትጠይቀኝ እንኳ "እሳቸውን ጠይቂ" ብዬ ጉድ ሆኛለሁ።

ረቡዕ፣ ማርች 12

አራቱን ጻፍኩ። ለአምስተኛው "የባለቤቴ እናት"... ማን ነው እንዲህ ብሎ የሚፈልግ? ሞኝ ነኝ። ስድስት ሰው ብቻ ወደደው። ባሌን አንተ ጻፍልኝ ብዬ ብለምነው ፈረሶቹ ጋ ነኝ፣ ኔትወርክ የለም አለኝ። በስልክ እያወራኝ።

ዓርብ፣ ማርች 14

አማቴ ቁርጥራጭ ሱፋቸውን ጆንያ ውስጥ ከተው ሲያስሩ ደረስኩ። አላስቻለኝም፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከዚያ መነጽራቸውን አጠለቁና "ስልኩን አምጪው" አሉ። በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል... ስማቸውን ራሳቸው ጻፉት።

ሐሙስ፣ ማርች 20

ከኦሽ ከተማ አንዲት ሴት ጻፈች። እናቷ ስትዳር የተሰጣትን ሺርዳክ የሰፉት አማቴ ናቸው። ለልጇም ሰርግ እንዲሰፉላት ስታፈላልጋቸው ከርማለች። አነበብኩላቸው። ጆንያው ተፈታ፤ ሱፉ ወለሉን ሞላው።

"ማን ብላ አገኘችኝ?"

ስልኩን ዘረጋሁላቸው። አላዩትም።

"አንቺ ንገሪኝ፣ ልጄ።"

"ቡርማካን ብላ።"

ጆሮዬ ጋለ። እሳቸው መርፌው ላይ ክር እያስገቡ ነበር። "ሽማግሌው ባሌ ከሞተ ወዲህ" አሉ፣ "በዚህ ቤት ስሜን የጠራው የለም።"