ስድስት ሴንቲ

መስከረም 6፣ ሰኞ
ሦስተኛው የግጦሽ ክልል፣ የሣሩ ቁመት አሥራ ሁለት ሴንቲ። ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ከአሥር በታች ከሆነ ፍየል አናስገባም፤ መሬት መሬቱን ይግጣሉ፣ ደም መጣጩ የሆድ ትል ደግሞ ያለው እዚያ ነው።

እረኛው ጋሼ "ልጄ፣ ተንበርክከው እየበሉ ነው እኮ" አሉኝ። ቁጥሩን አሳየኋቸው። ወደ መንጋው ተመለሱ።

መስከረም 10፣ ዓርብ
እሜቴ እንኳ አፏ አፈር ሆኗል። ጫፍ ጫፉን ካልሆነ አልበላም የምትል ፍየል! ምን ነካት?

መስከረም 27፣ ሰኞ
የእንስሳት ሐኪሙ የእሜቴን ዓይን ገልብጦ አየ። ሽፋኑ ውስጡ ነጭ። "ደም የላትም፣ ትሉ ጨርሷታል" አለ። ሌሎች አራትም እንደዚያው። ፈራሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻ ፈራሁ።

መስከረም 28፣ ማክሰኞ
እሜቴ ሞተች።
የእርባታው ኃላፊ ጋሼን ጠርቶ አፋጠጣቸው። መዝገቡ አሥራ ሁለት ይላል፣ ስለዚህ ከአጥር ውጭ አግጠዋል ማለት ነው አለ። ዓርብ ስብሰባ አለ፣ ሊያሰናብቷቸው ነው። በእኔ እጅ ጽሑፍ።

መስከረም 29፣ ረቡዕ
የሣር መለኪያ እንጨቴን ከመጋዘን ካመጣሁት አዲስ እንጨት ጎን አቆምኩት። የእኔው አጠረ።

ነሐሴ ላይ የበሩ መደገፊያ አድርጌው የታች ጫፉ ተሰነጠቀ። በመጋዝ ቆርጬ አስተካከልኩት፣ በሙያዬም ኮራሁ። ስድስት ሴንቲ ሄዷል! ጫፉ ሁልጊዜ ጭቃ ነው፣ ቁጥሩ ከስድስት እንደሚጀምር ልብ አላልኩም። አሥራ ሁለት ያልኩት ስድስት ነበር...

ማንም አያውቅም። ለእህቴ ነገርኳት። "አርፈሽ ተቀመጪ፣ እንጀራሽን በገዛ እጅሽ ልትዘጊ ነው?" አለች። እውነቷን ነው። ግን ጋሼስ?

መስከረም 30፣ ሐሙስ
ጋሼ በረቱን እየጠረጉ ነበር። ሰላም አሉኝ። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እንጨቱን ማቃጠል እችላለሁ... ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጥቅምት 1፣ ዓርብ
ሁለቱን እንጨቶች የስብሰባው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። "ጋሼ አይደሉም። እኔ ነኝ" አልኩ። የተቆረጠውን ጫፍ አሳየኋቸው።
ጋሼ አላመሰገኑኝም። "ያን ቀን ፍየሎቹን ብታዪያቸው ምን ነበረበት" ብቻ አሉ።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ
የእኔ ጉዳይ ገና አልተወሰነም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ኃላፊው ይመስለኛል።
አራተኛው ክልል፣ በአዲሱ እንጨት፣ አሥራ አራት። እስክሪብቶዬን ይዤ ወደ ጋሼ ዞርኩ። መንጋውን ረጅም ጊዜ አዩት።
"ቆመው እየበሉ ነው፣ ጻፊ" አሉኝ።
ጻፍኩ።