ለቆርቆሮው ቃል የገባሁት ዋስትና

ይድረስ ከውቅያኖስ ማዶ ለሚገኘው ኃያል መንግሥት የአፍሪካ ጉዳይ ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ ከሁሉ አስቀድመው ሊረዱት የሚገባ ነገር አለ። በእኛ አገር እንግዳ ሰው በሸንጎ ፊት ቃል ሲሰጥ ዋስ ይጠራል፤ ባለቃሉ ቢቀር ዋሱ ይተካል። ይህን ካስቀደምሁ በኋላ የክቡርነትዎን ጤንነት፣ የቤተ ሰብዎን ሰላም፣ በየዓመቱ የሚታደሰውንም የአፍሪካ ፖሊቲካዎን ደኅንነት በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ ከኀፍረት በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

ሃያ ሦስት ዓመት ሒሳብና እንግሊዝኛ አስተምሬ በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. ጡረታ የወጣሁ የጎንደር ከተማ ነዋሪ ነኝ። በተከታዩ ዓመት በጥር ወር መልእክተኛዎ ከማክሰኝት በላይ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ወደምትርቀው የትውልድ ቀበሌዬ ወደ ወይራ አምባ ሲመጡ አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርሁ። ሕዝቡ በራሱ ጉልበት የሠራውን የጭቃ ትምህርት ቤት ከጎበኙ በኋላ ዘመኑ የአፍሪካ መሆኑን፣ መንግሥትዎም ለያንዳንዱ መንደር ወንድም መሆኑን አስረዱን፤ የትምህርት ቤቱን የሣር ጣራ እንድናነሣ፣ ቆርቆሮውም ከፋሲካ በኋላ እንደሚደርስ ነገሩን። የአገር ሽማግሌው አያ አድማሴ ንግግሩን አዳምጠው ሲያበቁ፣ «ሸጋ ነው፤ ዋሱስ ማነው?» ብለው ጠየቁ። መልእክተኛዎ ፈገግ ብለው፣ ሕዝቡ የሚያምር ባህል እንዳለው በማስታወሻቸው ጻፉ። ሸንጎው ዋስ ሲጠብቅ ባይ «ዋሱ እኔ ነኝ» አልሁ። ሣሩ በማግሥቱ ወረደ።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ በመስከረም ፶፱ ስለ ላኩልን ደብዳቤ እጅግ አመሰግናለሁ። ደብዳቤው የአህጉሩ ፖሊቲካ እንደገና መጠናቱን፣ ከእንግዲህም ዕርዳታው ለጥቂት ለተመረጡ አገሮችና ለታላላቅ ሥራዎች ብቻ መሆኑን ያስረዳል። እኛ አንዲት ቁራሽ መሬት ጦም ለማሳደር ስንት ቀን ስንመካከር፣ ክቡርነትዎ አህጉር የሚያህል ማሳ በአንድ ገጽ ጦም ማሳደርዎ ያስደንቃል። ደብዳቤውን ለሸንጎው የተረጎምሁትም እኔው ነኝ። ለትምህርት ቤቱ ቦታ የሰጡት ወይዘሮ ደብሪቱ፣ «ያስቀረው ቆርቆሮውን ነው ወይስ ወንድምነቱንም?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄውን እንደ አስተርጓሚነቴ ሳልጨምር ሳልቀንስ ለክቡርነትዎ አስተላልፋለሁ።

፪ኛ/ በዚያው ዓመት ማብቂያ ደግሞ ፖሊቲካዎ ዳግመኛ ተለውጦ ራሱን ለሚረዳ ሕዝብ ቅድሚያ እንደሚሰጥ ስላስታወቁን አመሰግናለሁ። ምክሩ ትክክል ነው። ጣራችን ሳይነሣ ብንሰማው ኖሮ ደግሞ ይበልጥ ይገባን ነበር።

፫ኛ/ ይህ በክቡርነትዎ ላይ ሳይሆን በራሴ ላይ የማቀርበው ክስ ነው። ሕዝቡ ሁለት ጊዜ ሣር አጭዶ ጣራውን ሊመልስ ተነሥቶ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ፣ «ታላቅ መንግሥት ነው፤ አይዋሽም፤ ጠብቁ» ያልሁት እኔ ነኝ። ሁለት ክረምት ገባበት። የሰሜኑ ግድግዳ ወደቀ። አሁን እስከ መስከረም ጣራ ካልተሠራ መምህሩ ወደ ሌላ ቦታ እንደሚዛወር ተነግሮናል፤ ያን ጊዜ ዘጠና ሁለት ተማሪዎች ይበተናሉ።

ባለቃሉ ስለ ቀረ ዋሱ ተተክቷል። ባለፈው ቅዳሜ ሸንጎ ፊት ቆሜ ጎንደር ያለውን የቤቴን ቆርቆሮ ሰጥቻለሁ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አያ አድማሴ ቀና ብለው ሳያዩኝ፣ «ምነው ዋኘው፣ የማን ልጅ እንደሆነ ለማታውቀው ሰው?» ብቻ አሉ። ዋስትናው ግን ቀርቶልሃል ሊሉኝ አልቻሉም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ባለቤቴ ሐረገወይን ስነግራት ጥቂት አሰበችና፣ «ቆርቆሮውን ያንሡት። ብቻ ለዚያ ሰውዬ ይጻፉለት፤ ጣራ ለሌላቸው ባልና ሚስትም አንድ ፖሊቲካ አያጣ ይሆናል» አለችኝ። ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት በእርሷ ምክር ነው።

ተሸካሚዎቹ ከወይራ አምባ ግንቦት ፲፭ ቀን ይመጣሉ። የቤቴ ቆርቆሮ የትምህርት ቤቱን ግማሽ ብቻ እንደሚሸፍን ለክቼ አረጋግጫለሁ። የትኞቹ ክፍሎች በዝናብ እንዲማሩ የመምረጡን ሥራ፣ ጥቂቶችን ከብዙዎች በመለየት ልምድ ላለው ለክቡርነትዎ መሥሪያ ቤት በአክብሮት ትቻለሁ።

የመንግሥትዎን ቃል ከመንግሥትዎ አብልጦ ያመነ፣ ሳይጠሩት ዋስ የሆነ፣ ትሑት ወዳጅዎ

መምህር ዋኘው ክንዱ
ጎንደር፣ ሚያዝያ ፳፪ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ መሥሪያ ቤትዎ በሚያሳትመው መጽሔት ላይ የወይራ አምባ ሰዎች ጣራ ላይ ወጥተው ሲሠሩ የሚያሳየውን ፎቶግራፍ አይቼ ደስ ብሎኛል፤ ከሥሩም «በእኛ ዕርዳታ አፍሪካ ስትገነባ» ተብሎ ተጽፏል። ሰዎቹ በዚያ ሰዓት ጣራውን እያፈረሱ ነበር። ለእርማቱ አልቸኩልም። የክፍሎቹን ምርጫ ግን ተሸካሚዎቹ ከመድረሳቸው በፊት ማወቅ ስላለብኝ፣ መልስዎን በቶሎ እንዲልኩልኝ እለምናለሁ።