ጭስ የማታውቀዋ መኪናችን

ይድረስ ለእማዬ፣

እንዴት ነሽልኝ እማዬ? ደረትሽስ? እዚህ ከተማ ሳለሽ ሊነጋ ሲል ይነሳብሽ የነበረው ሳል እንደለቀቀሽ ቀረ? አባዬስ፣ ወገቡ ተሻለው? እህቴስ እንዴት ናት? እኔና ባለቤቴ ደህና ነን፤ ሆዴ ብቻ ከእኔ ቀድሞ በር ይገባል።

እህቴ ደውላ፣ ለወሊዴ ልትመጪ ሻንጣ እያሰናዳሽ መሆንሽን ነገረችኝ። «ከተማው ማጨስ አቁሟል፤ ልጄ ናት የጻፈችልኝ» እያልሽ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርተሻል አሉ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። እማዬ፣ እኔ የጻፍኩልሽ እኮ ስለ አንዲት መኪና ነው! ሐኪሙ ወደዚህ ከተማ ድርሽ እንዳትዪ ያለሽን ረሳሽው?

ስለ መኪናዋስ ባወራ አልጠግብም። ገና ለናሙና የተሠራች ናት። በባትሪ ትሄዳለች፤ የጭስ ማውጫ የሚባል ነገር የላትም። ጎኗ ቀጭን ስለሆነ ሁለት ሰው በበቅሎ እንደተፈናጠጠ ፊትና ኋላ ሆኖ ይቀመጥባታል። መንገድ ሲጨናነቅ በር መክፈቻ ቦታ ስለማይገኝ በሯ ወደ ላይ ነው የሚከፈተው። ይህን ሁሉ ያሰበችው መሐንዲሷ አለቃችን ናት። ክብደት እንዳይበዛ የወንበሩን ልብስ የምሰፋበትን ክር ሳይቀር ስለምትመዝን «ቆጣቢት» እንላታለን። ሰምታ ሳቀች እንጂ አልተቀየመችም። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ፈጣሪ በየሰፈሩ ይዝራልን።

ባለፈው ሳምንት ለሙከራ ስትወጣ ከኋላ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ቆጣቢት ናት፣ ነፍሰ ጡር ካልተመቻት ወንበሩን አፍርሰን እንሠራዋለን ብላ የመረጠችኝ። ከነሆዴ ልክክ አልኩባት! መኪናው ሁሉ ተቆላልፎ ክላክሱን ሲያምባርቅ እኛ ኮሽታ ሳናሰማ በጠባቧ ቀዳዳ ሹልክ። ባለታክሲዎቹ አንገታቸውን አስግገው «ይቺ ደግሞ ምን ጉድ ናት?» ይላሉ። ኩራቴን ብታዪልኝ! መስቀለኛው መንገድ ላይ ግን ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ ቆምን። የኛዋ አታጨስም፤ እሱ ግን የእኛንም ድርሻ ጨምሮ አጨሰው። ልክ እንዳንቺ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ሳልኩ፣ ሳልኩ። ያኔ አንቺን አሰብኩና ፈራሁ።

አንድ እጅ አያጨበጭብም፤ አንዲት መኪናም ከተማ አታጠራም። እህቶቿ እስኪበዙ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ አትምጪ፣ እኔው እመጣለሁ። መኪናዋ ለሕዝብ የምትታይበት ቀን ያልፈኛል፤ አልዋሽሽም፣ ይቆጨኛል። ለቆጣቢት ስነግራት መጀመሪያ ፊቷ ቅጭም አለ። ቆየት ብላ ግን፣ ወንበሩን ጨርሰሽ ሂጂ፤ ስትመለሺ ከነልጅሽ ትቀመጪበታለሽ አለችኝ።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። እህቴን፣ ምስጢርሽን አወጣች ብለሽ እንዳትቆጪብኝ። የጤና ጣቢያዋን አዋላጅ እጅ ንሺልኝ፤ ሥራ እያመጣሁላት ነው በያት። ባለቤቴ እጅ ነስቷል፤ እስከ ደጃፍሽ ያደርሰኛል።

የዚህን ከተማ አየር ልጄ ኋላ ይደርስበታል። የመጀመሪያ ትንፋሹን ግን አንቺ ሳትስዪ በምታድሪበት ቤት ይሳብ።

ልጅሽ

ከስፌት ክፍሉ፣ እሑድ፣ የካቲት ፲፩