ጓንጉል የሚወጣላቸው ሰዎች

ዲላ፣ ከግንቦት ልደታ በኋላ ባለው እሁድ

ለእህቴ ለእማሆይ

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ነው፣ ስግደቱን እሺ ብሎ ያሰግድሻል? የዚያ አገር ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል ይላሉና፣ ክረምት በመጣ ቁጥር አንቺን አስባለሁ። እኛ ያው ነን። ጭቃው ያው፣ የባጃጁ ጩኸት ያው፣ ጎረቤቱም ያው። የክርስትና ልጅሽ ናፍቆት በቁመት በልጣኛለች። እኔም ለፈጣሪ ክብር ይግባውና ወጥቼ እገባለሁ።

ከመነኮስሽ ወዲህ አንቱ ልልሽ ይገባኝ ነበር። "እንደምን ከረሙ" ብዬ ጀምሬ ለማላውቀው ሰው የምጽፍ መሰለኝና ወረቀቱን ቀደድኩት። ራሴን እያበጠርሽ ያሳደግሽኝ ነሽና ይቅር በይኝ፣ አንቺ እልሻለሁ።

ይህን የሚያደርስልሽ ልብስ ሰፊው ጎሹ ነው፤ ለስለት ወደ እናንተ ገዳም ይመጣል። የያዘው ሹራብ ናፍቆት በእጇ የሠራችው ነው፣ እጅጌው ትንሽ ቢረዝምም አትንገሪያት። ስልክ የሌለበት ገዳም መግባትሽ ድሮ ያናድደኝ ነበር። ዘንድሮ ግን ደግ ሆነልኝ። በስልክ ቢሆን ድምፄን ትሰሚብኝ ነበር።

የምለምንሽን ቀድሜ ልንገርሽ፣ ምክንያቱን ቀስ ብዬ አወራሻለሁ። እመ ምኔቷን አስፈቅደሽ ወደ ዲላ ነይ። ለፍልሰታ እመጣለሁ አትበይኝ፣ ክረምቱ ሳይገባ ነይ። ናፍቆትን ያነሳሻት አንቺ ነሽ፣ በክርስትና እናቷ ነሽ። አባቷ እንደሆነ ሌላ ትዳር ይዞ ሞያሌ ቀርቷል። ምን ሆናችሁ ብለሽ እንዳትደነግጪ፣ እስቲ ተቀምጠሽ አንብቢኝ።

ስትሄጂ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበርኩ አይደል? አሁን ሲቲ ስካን ክፍል ነኝ። ሲቲ ማለት ሰውን አልጋ ላይ አጋድሞ ትልቅ ነጭ ቀለበት ውስጥ የሚያስገባ፣ የራስንም የሆድንም ውስጥ የሚያነሳ መሣሪያ ነው። ያዛወሩኝ ጌዴኦኛ ስለምችል ነው። መሣሪያው ራሱ ይናገራል፣ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ከገጠር የመጣ ሰው ቀለበቱ ውስጥ ሆኖ የማያውቀው የሴት ድምፅ ሲያዝዘው ብድግ ይላል። ስለዚህ እኔ ቀድሜ እነግራለሁ፦ አትነቃነቅ፣ አሁን ትንፋሽህን ያዝ፣ አሁን ልቀቀው። መድኃኒት በደም ሥር ሲገባላቸው ደግሞ ይሞቅሻል፣ የሸናሽ ይመስልሻል፣ አልሸናሽም አትፈሪ እላለሁ። ልብሳቸውን አስወልቃለሁ፣ አጋድማለሁ፣ ሲያበቃ አወርዳለሁ፣ ወለሉን እጠርጋለሁ።

መሣሪያውን የሚያሠራው ጓንጉል ይባላል፣ ከደብረ ማርቆስ የመጣ ገና ትዳር ያልያዘ ልጅ ነው። ከወፍራም መስታወት ጀርባ ተቀምጦ በድምፅ ማጉያ ያናግረናል። ቀልደኛ ነው። እኔን እትዬ ጽጌ ይለኛል፣ ደስ ሲለው ደግሞ አስተርጓሚዋ ይለኛል። ሲጨርስ ሁልጊዜ ከዚያው ከመስታወቱ ጀርባ "ጨርሰናል፣ ይውረዱ" ይላል፣ እኔ አወርዳለሁ፣ እሱ ንቅንቅ አይልም።

ዓቢይ ጾም ሲገባ ሽብሩ የሚባሉ ሽማግሌ ከባንኮ ጎቲቲ ገጠር መጡ። አማቻቸው ደግፎ ነው ያመጣቸው። ጤና ጣቢያ የራስ ፎቶ ይነሳሉ ብለዋቸው ኖሮ፣ ለሠርግ የሚለብሱትን ኮት ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ቦርሸው፣ ጺማቸውን ተላጭተው ነው የመጡት። አልጋው ላይ ሲጋደሙ ልሳቅ ወይስ ልኮሳተር ብለው በጌዴኦኛ ጠየቁኝ። ለጓንጉል ብነግረው ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። "እንዳሻቸው ይሁኑ፣ ብቻ አይነቃነቁ በያቸው" አለኝ። ባርኔጣው ካልወለቀ አይሆንም ስላቸው ቅር አላቸው፣ መሬት እንዳይነካ ብለው እኔው ራስ ላይ ደፉት። የእሳቸውን ባርኔጣ ደፍቼ ቆሜ ጓንጉል በማጉያው "አስተርጓሚዋ፣ ቀጥሎ አንቺን እናነሳለን" ይለኛል።

መሣሪያው ዞሮ ዞሮ ቆመ። ይውረዱ የሚለውን ስጠብቅ ድምፅ ጠፋ። ቆይቶ ከባዱ በር ተከፈተና ጓንጉል ራሱ መጣ። ሽማግሌውን በብብታቸው ይዞ አስቀመጣቸው፣ ባርኔጣውን ከኔ ተቀብሎ ደፋላቸው፣ ተንበርክኮ ጫማቸውን አጠለቀና ማሰሪያውን አሰረላቸው። ሽብሩ ተደሰቱ። ይህን በይልኝ አሉኝ፦ ከተሜ ጫማዬን ሲያስርልኝ ዛሬ ገና ነው፣ እናቱ ትባረክ፣ ፎቶው ሲደርስ ለግድግዳዬ አንድ ይስጠኝ።

ለፋሲካ አልደረሱም። አማቻቸው ገበያ ላይ አገኘኝ። ለለቅሶው የሚያቆሙት ሌላ ፎቶ በቤቱ ስለሌለ ያንን የሆስፒታሉን እንድንሰጣቸው ለመነኝ። ምን ልበለው እህቴ? ኮታቸው አልወጣም አልኩት። እንግዲያው ፊታቸው ብቻም ይበቃል አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሳልፈልግ ልብ ማለት ጀመርኩ። የአንድ አስተማሪ ሚስት መጣች፣ ነፍሰ ጡር ሳትሆን ሆዷ የተነፋ። ጓንጉል ወጣላት፣ ነጠላዋን አለበሳት። ከይርጋጨፌ አንድ ወታደር የነበረ ሰው መጣ፣ ወጣለት። ሁለቱም ወደ አዲስ አበባ ተላኩ፣ ሁለቱም በሣጥን ተመለሱ። ለጓንጉል ትንፍሽ አላልኩትም። ራሱም የሚያውቀው አይመስለኝም፣ እጁ ነው የሚያደርገው።

ደግሞ ሀዲጃን ልንገርሽ፣ ትንሽ ትስቂ እንደሆን። ወናጎ መንገድ ዳር አቮካዶና ሙዝ የምትሸጥ ናት። ባጃጅ ተገልብጦባት ራሷን መትቷት መጣች። ጓንጉል ከውስጥ "ጨርሰናል፣ ይውረዱ" ሲላት አልጋው ላይ ሆና ጀመረችው። "አንተ መስታወት ውስጥ ያለኸው፣ እጅ የለህም? ለሽማግሌው ተንበርክኮ ጫማ አሰረ እያሉ ያወሩልሃል፣ እኔን እንደ ሙዝ ዘለላ ጥለኸኝ ትቀመጣለህ? እኔስ ሰው አይደለሁም?" አለችው። እሱ በማጉያው ይቅርታ እየጠየቀ ይስቃል። እኔ ደግሞ እልል ማለት ነው የቃጣኝ። ሳወርዳት ተናደጂ የኔ እመቤት፣ ደግመሽ ተናደጂ አልኳት፣ በልቤ። አሁንም መንገድ ዳር ቆማ ያለፈ ያገደመውን ትሰድባለች፣ ዕድሜ ይስጣት።

ጓንጉል የሚያየውን ለማንም አይናገርም። ምስሉን የሚያነቡት ሐዋሳ ያሉ ሐኪም ናቸው፣ የሳቸው ወረቀት እስኪመጣ ቀናት ይሄዳሉ። በነዚያ ቀናት የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ታማሚዎቹ በር ላይ ይይዙታል፣ ዶክተር ምን አየህልኝ ይሉታል፣ "ዶክተር አይደለሁም፣ አንሺ እንጂ አንባቢ አይደለሁም" ይላል። ምግብ ቤት ሲገባ ስለሚከቡት ምሳውን እዚያው ክፍል መብላት ጀመረ፣ እኔም ቆጮና ጎመን ቋጥሬ እወስድለታለሁ። አንድ ቀን ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ "እትዬ፣ ለቅሷቸውን እችለዋለሁ። እግዜር ይስጥልን ብለውኝ ሲሄዱ ነው የሚከብደኝ" አለኝ። ውኃ ቀዳሁለት።

እንግዲህ ወደኔ ልምጣ። ከገና ወዲህ ጠዋት ጠዋት ራሴን ይይዘኝ ነበር፣ ያስመልሰኝም ነበር። ጾሙ ነው አልኩ፣ ጾሙ ተፈታ። ዕድሜው ነው አልኩ። ናፍቆት አንድ ብርጭቆ ከእጄ ሲወድቅ አየችና እማዬ አንቺ ደግሞ ብላ ሳቀችብኝ፣ እኔም አብሬያት ሳቅሁ። በኋላ ግን አንዲት የጌዴኦ እናት አጋድሜ ትንፋሽሽን ያዢ ልላት ስል ቃሉ ጠፋኝ። ከአማርኛው እኩል የለመድኩት ቃል። አፌን ከፍቼ ቆምኩ። ሴትዮዋ ታየኛለች፣ ጓንጉል በመስታወት ያየኛል። በእጄ አፍንጫዬን ይዤ አሳየኋት፣ እሷም አፍንጫዋን ያዘች፣ በዚያ ተገላገልን።

ጓንጉል የዚያን ቀን አልቀለደም። ከሆስፒታሉ ሐኪሞች አንዷን አነጋግሮ ምርመራውን አስጻፈልኝና ቅዳሜ ጠዋት ተረኛ ታማሚዎቹ ሲያልቁ እንይሽ አለኝ። ለናፍቆት ሥራ አለብኝ ብዬ ሄድኩ።

ስንቱን ያጋደምኩበት አልጋ እንዲያ ጠባብ መሆኑን አላውቅም ነበር። የሚነግረኝ ሰው ስለሌለ ራሴው ለራሴ በጌዴኦኛ ነገርኩት፣ አትነቃነቂ እያልኩ። አንድ ጊዜ አነሳኝ፣ ቆመ፣ ደግሞ መድኃኒቱን ሊሰጠኝ መርፌ ይዞ መጣ። ታዘዘ አለኝ እንጂ ዓይኔን አላየኝም። ይሞቅሻል፣ የሸናሽ ይመስልሻል ብሎ ቀጥሎ የሚለው ቢጠፋው እኔ ጨረስኩለት፣ አልሸናሽም አትፈሪ አልኩት። እውነትም ይሞቃል። ለሰው ስናገር የኖርኩትን ያን ዕለት አወቅሁት።

ቀለበቱ ዞሮ ቆመ። ጣራውን እያየሁ ጠበቅሁ። የምጠብቀውን ታውቂዋለሽ፣ ሁለት ቃል ነው። እንደ ሀዲጃ ልሰድበው ተዘጋጅቼ ነበር፣ ምን እንደምለውም አስቤ ነበር። ማጉያው ተከፈተ፣ መከፈቱ ይሰማል፣ እንደ ትንፋሽ ያለ ድምፅ አለው። ምንም ሳይል ተዘጋ።

ከዚያ በሩ ተከፈተ።

በብብቴ ይዞ አስቀመጠኝ። ነጠላዬን አመጣ። ተንበርክኮ ጫማዬን ሲያነሳ አፌ አላስችል አለኝና "ለኔም ወጣህልኝ እንዴ ጓንጉሌ?" አልኩት። ጫማውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ። አመሉን የማውቅበት መሆኑን ያን ጊዜ አወቀ። ከዚያ አጠለቀልኝ። የኔ ጫማ ማሰሪያ የለውም፣ እንዲሁ የሚጠለቅ ነው፣ እጁ ግን ማሰሪያውን ሲፈልግ ቆየ። እግዜር ይስጥልኝ ልለው ነበር፣ የነገረኝ ትዝ ብሎኝ ዋጥኩት። ነገ ቆጮ ላምጣልህ ወይስ ዳቦ ብዬው ወጣሁ። ነገ እሁድ መሆኑን ሁለታችንም ረስተነዋል።

ይህ የሆነው ባለፈው ሳምንት ነው። የሐዋሳው ወረቀት ገና አልመጣም፣ ስለዚህ የሚነገር ነገር የለም። ናፍቆትም ምንም አልሰማችም፣ ፈተናዋ ደርሷል። አሁን አጠገቤ ተቀምጣ ታጠናለች፣ ምን እንዲህ ያስጽፍሻል አለችኝ፣ ለአክስትሽ ስለ ጓንጉል እያወራኋት ነው አልኳት። አልዋሸሁም።

ስትመጪ የምታውቂው ይሁን፦ ጠዋት ካልቀሰቀሷት አትነሳም። ሲከፋት ትተኛለች እንጂ አታለቅስም፣ ዝም አትበያት፣ አጠገቧ ተቀምጠሽ ስለማይረባ ነገር አውሪ። ፀጉሯ እንደኔው ነው፣ ከሥሩ ይቋጠራል፣ እኔ አበጥሬ ልፈታው አልቻልኩም፣ አንቺ ትችይበታለሽ። ሐኪም እሆናለሁ ትላለች፣ አታስቁሚያት። መነኩሴ ከተማ ምን ይሠራል ያለ ሰው ካለ፣ የክርስትና ልጄ ጠራችኝ በይ፣ ይህን የሚከለክል ሥርዓት ያለ አይመስለኝም። እመ ምኔቷ እንቢ ካሉ ይህን ደብዳቤ አንብቢላቸው፣ እሳቸው ይገባቸዋል።

አንድ ነገር ልጨምርልሽና ላብቃ። ከሰኞ ጀምሮ ጓንጉል አመሉን ለውጧል። ለሁሉም ይወጣል። እግሩ ወለም ያለውን ኳስ ተጫዋች ሳይቀር ደግፎ አውርዶ ጫማውን አሰረለት፣ ጎረምሳው አፍሮ መግቢያ አጣ። ጉንፋን ይዟት ሳምባዋን ለማየት የተላከችውን ልጅም፣ ሳል ብቻ ያለበትን ዘበኛችንንም። ቀኑን ሙሉ ሲንበረከክ ይውላል፣ ጉልበቱ ላይ ሱሪው ነጥቷል። ምን ነካህ ሲሉት ሀዲጃ ሰድባኝ ነው ይላል። በየመሃሉ በዓይኑ ጠርዝ ያየኛል፣ እያየሁለት መሆኑን ለማረጋገጥ።

እኔም አይቼ ያመንኩ መስዬ፣ እንዲያውም እንዲህ ነው ጨዋ ልጅ እያልኩ፣ ወለሌን እጠርጋለሁ።

በጸሎትሽ አስቢን። ደጇን የምትጠብቂላት እመቤት አንቺንም ትጠብቅልኝ፣ መንገድሽን ጭቃ ሳይይዘው ታምጣልኝ። ለጎሹ መልሱን በቃልሽ ብትነግሪው ይበቃል፣ እመጣለሁ ካልሽ ሌላ ቃል አያስፈልገኝም።

ራሷን ያበጠርሻት
ታናሽ እህትሽ