የወፍጮ ቤቶቹ ተቆጣጣሪ የወይዘሮ ታንጉት ክንፈሚካኤል የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ታንጉት ከአባታቸው ከአቶ ክንፈሚካኤል አምላኩና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደጊቱ ቢሆነኝ በኅዳር ወር 1957 ዓ.ም. በወምበርማ ወረዳ ሽንዲ አካባቢ ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን በሽንዲ፣ ሁለተኛ ደረጃን በቡሬ ተምረው በ1978 ዓ.ም. በጄኔራል ሜካኒክስ በዲፕሎማ ተመረቁ። ከክፍላቸው ብቸኛዋ ሴት ነበሩ። ይህን እሳቸው አያወሩትም፤ እኛ ግን ለሰማውም ላልሰማውም እናወራለን።

በመንግሥት እርሻ ጋራዥ ከሠሩ በኋላ በ1985 ዓ.ም. ከመምህር ደሞዝ ሃይለ ሚካኤል ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ምሥጋናንና ያምሮትን ወለዱ።

ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ መቀመጫቸውን ፍኖተ ሰላም አድርገው የሥራ ቦታ ደህንነት ተቆጣጣሪ ሆኑ። ከዱርቤቴ እስከ ሽንዲ፣ አንዳንዴ በአይሱዙ፣ ብዙ ጊዜ በእግር፣ ወፍጮ ቤቱንና የእንጨት መሰንጠቂያውን ሁሉ አዳረሱ። ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘው ቺንጋ ነጠላ ከያዘ እጅን ሳያስከትል አይተውምና፣ ጫፉ ላይ ጨርቅ በታሰረ ዘንግ የቺንጋውን ሽፋን ክፍተት አንድ በአንድ ይፈትሹ ነበር።

ይህን የምጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ተስፋው በቡሬ ወፍጮ ቤት አለኝ። ቺንጋው በላላ ቁጥር ብሎን መፍታቱ ሥራ ስለሚያስፈታኝ ሽፋኑን አውልቄ ጓዳ አስቀምጬው ነበር። በ1993 ዓ.ም. ፋሲካ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው፣ እንደሚመጡ ስሰማ መልሼ ገጠምሁት፤ ለክብራቸውም ብዬ በእርጥብ ጨርቅ ወለወልሁት። ጉዴ የፈላው በዚያ ነው። ወፍጮ ቤት ውስጥ ዱቄት ያልነካው ዕቃ የለም። እሳቸው የሚያብረቀርቀውን ሽፋን አንዴ አይተው ወፍጮዬን አሸጉት።

«ወንድሜ ባትሆን ማስጠንቀቂያ ጽፌ አልፍህ ነበር» አሉኝ።

እናታችን ሽማግሌ ላኩባቸው። ሽማግሌዎቹን ምሳ አብልተው በክብር ሸኙ፤ እሽጉን ግን ሽፋኑ ሳይወልቅ የሚከፈትበት ማጠፊያ እስካስበይድ ድረስ አልፈቱም። የማጠፊያውን ንድፍ ራሳቸው ሠርተው ሰጡኝ፤ ዛሬ በብዙዎቹ የቡሬ ወፍጮ ቤቶች የተገጠመው እሱ ነው። እኔ ግን ሁለት ዓመት አኮረፍኋቸው። የያምሮት ክርስትና ላይ እንኳ አልተገኘሁም።

በ1995 ዓ.ም. ባለቤቴ አቻምየለሽ ዱቄት ልትጠርግ ጎንበስ ስትል ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ ሽፋኑ ላይ ወደቀ። ከሥሩ ቺንጋው ይዞራል። አንሥታ፣ አራግፋ ለበሰችው፤ ልብም አላለችው። እኔ ሞተሩን አጥፍቼ ተቀመጥሁ። በማግስቱ ማር ይዤ ፍኖተ ሰላም ሄድሁና ታረቅን። ለምን እንደመጣሁ አልጠየቁኝም፤ እኔም ኩራት ይዞኝ አልነገርኋቸውም።

በጉበት ሕመም ባሕር ዳር ሲታከሙ ሦስት ሳምንት አጠገባቸው ሆኜ አስታመምኋቸው። ያኔም ነገ እነግራቸዋለሁ እያልሁ ሰነበትሁ። መጋቢት 4 ቀን 2008 ዓ.ም. በ51 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እናታችንን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።

እታለም፣ አቻምየለሽ ይኸው አስከሬንሽ አጠገብ ቆማ በሁለት እጇ ደረቷን እየመታች ታለቅስልሻለች። ልክ ነበርሽ።