የወለላ አባት ማን ነው?

ለምወድህና ሁልጊዜ ለምትናፍቀኝ ታናሽ ወንድሜ ለጠሀ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተሻለህ ወይስ አሁንም ካርቶን ብቻህን ነው የምትሸከመው? ሱቁስ እንዴት ነው? ሳይመሽ እየዘጋህ ትገባለህ ወይ? ጆሃንስበርግ ሲባል በሰማሁ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል፤ አላህ ከክፉ ይጠብቅህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን ነገር የለም ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ግን ውሸት ይሆንብኛል። ወተት ጎድሎብናል።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም ትለኝ ይሆናል። በስልክማ ስንቴ ጀምሬው ነበር! ስለ ልጄ ስለ ኢልሃም ሳወራህ ኔትወርኩ ጥርት ይላል፤ የላሞቹን ነገር ሳነሳ ይቆራረጣል። ይህን ያላስተዋልኩ መሰለህ? ደግሞ ባለቤቴ ሬድዋን ስልኩን ድምፁን ከፍቶ አጠገቤ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ነገ ወደ እናንተ ለሚበረው ለዱቤ በእጁ ልሰጠው ነው። ፖስታውን በፕላስተር ግጥም አድርጌ ጠቅልዬዋለሁ። ዱቤን ጠርጥሬው አይደለም። እሺ ይሁን፣ ጠርጥሬውም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በግቢያችን ጎን የሚያልፈው መንገድ ሲሰፋ አጥራችን ወደ ውስጥ ገባ፤ በረቱም ከግማሽ በላይ ፈረሰ። አሁን ሁለቱ ላሞች አንዷ በሌላዋ ላይ ተጣብቀው ነው የሚያድሩት፤ አንዷ መሄዷ የማይቀር ነው። ሬድዋን አሮጊቷን ቡሬን ሸጠን ልጇን ወለላን እናስቀር አለ። ለሚሰማው ትክክል ነው። ቡሬ አርጅታለች፣ ወተቷ ደርቋል፣ የፊት ጉልበቷም ያማታል። ወለላ ግን ገና መስከረም ላይ ነው የበኩር ጥጃዋን የወለደችው። እናቷ ቡሬ ናት፣ አባቷ የፈረንጅ ኮርማ ነው፣ ታግሰሽ ጠብቂያት ይለኛል።

ገዢም ተገኝቷል። ረዳ ይባላል፤ አያት ሰፈር በኩል ብዙ የወተት ላሞች አሉት። የሚመጣውን ሳይሆን የሚቀጥለውን እሑድ መኪና ይዞ ሊወስዳት ነው። እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ። የደረቀች አሮጊት ላም ለመግዛት ሰው ሁለት ጊዜ ይመላለሳል እንዴ? ጥርሷን እንኳ አላየም፤ ሆዷን ዳብሶ ፈገግ ብሎ ሄደ። ቡሬ በሆዷ የአምስት ወር ጥጃ ይዛለች፤ ያዳቀላትም አዳቃዩ ዘነበ ነው፣ ከምርጥ ኮርማ ዘር። ሬድዋን ወንድ ቢሆንስ ብሎ ይንቀዋል። ረዳ ግን የሚያደርገውን የሚያውቅ ሰው ይመስለኛል።

አሁን ስለ ወለላ ልንገርህ። ስምንት ሊትር። በቀን ማለቴ ነው፣ ጠዋትና ማታ ተደምሮ! ቡሬ በበኩር ጥጃዋ አሥራ ስምንት ትሰጥ እንደነበር አንተው ምስክር ነህ፤ ሲኤምሲ ድረስ ጀሪካን ይዘህ ስትመላለስ ክንዴ ተቆረጠ ትል አልነበር? ያው ፉርሽካ፣ ያው ፋጉሎ፣ ያው ድርቆሽ ነው የምሰጣት። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጎረቤታችንን እትዬ አገርነሽን ነው። አጥሩ ከፈረሰ ወዲህ ቆማ የወለላን ጡት ስታይ ነበር፤ ዓይኗ ነው ብዬ በረቱ ላይ ጆንያ ጋረድኩ። ወተቱ ያው ስምንት። ቀጥዬ ሬድዋንን ጠረጠርኩ፤ ሱብሒ ሰግዶ ሲመለስ ቀድሞ አልቦ ለደንበኛ ይሸጣል ብዬ ከእሱ በፊት እየተነሳሁ በረት ገባሁ። ምስኪን፣ ምንም አላገኘሁበትም።

ከዚያ ተራው የዘነበ ሆነ። ዘነበን አትረሳውም፣ ያ የኮርማ ዘር በቅዝቃዜ የሚያቆይበትን ጭስ የሚተፋ ጋኑን ሞተር ላይ አስሮ የሚመጣው አዳቃይ። በር ላይ አስቁሜ የማንን ዘር ነው የሰጠኸን፣ አጭበርብረኸናል ብዬ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኽኩበት። ሰውየው አልተቆጣም። ገብቶ የወለላን ትከሻ ዳበሰ፤ ያቺን ብቅ ያለች ሻኛዋን ያዝ አድርጎ የፈረንጅ ልጅ ሻኛዋ እንዲህ አይወጣም አለኝ። ጥጃ እኮ ግማሹን ከእናቱ፣ ግማሹን ከአባቱ ነው የሚወስደው አለኝ። ኮርማ ራሱ ባይታለብም የሴት ልጁ ወተት ከእሱም ይመጣል፤ እናንተ ግን ሁላችሁም እናቷን ብቻ እያያችሁ ጊደር ታሳድጋላችሁ አለ። ጥሩ መኖ በዘሯ ያለውን ያወጣዋል፣ የሌለውን ግን ከየትም አያመጣውም አለኝ። ቀጥሎም ወለላ መቼ ተወለደች ብሎ ጠየቀኝ። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። እሱ ቡሬን ያዳቀላት መስከረም ማለቂያ ላይ ነበር፤ በዚያ ቢሆን ሐምሌ መግቢያ ላይ ትወልድ ነበር። ላም ሳትይዝ ከቀረች በሦስት ሳምንቷ ተመልሳ ኮርማ ትፈልጋለች፣ ያኔ ግን ማንም አልጠራኝም አለ።

ጠሀ፣ ያ ሦስት ሳምንት የት እንደሚወድቅ ታውቃለህ? ኢልሃም የተወለደችበት ቀን ላይ። እኔና ሬድዋን ሆስፒታል ነበርን፤ ቤት ከቡሬ ጋር የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ። አመሻሹ ላይ መጥተህ ሕፃኗን ስታቅፍ ሱሪህ እስከ ጉልበትህ ጭጎጎት ለብሶ ነበር። ከየት መጣህ ስልህ ታክሲ አጥቼ በእግሬ ነው አልከኝ። ያኔ ምጥ አድክሞኝ አልመረመርኩህም። አሁን ግን ልጠይቅህ፣ ከኮተቤ መገናኛ አስፋልት ላይ ጭጎጎት ይበቅላል? ጭጎጎት ያለው ወደ ላይ ነው፣ እንጦጦ ደኑ ጥግ፣ የጋሽ ገብረማርያም ቀይ ኮርማ ባለ ትልቅ ሻኛው የሚሰማራበት። ወለላ ቀላ ብላ ስትወለድ ሬድዋን ቅድመ አያቷን ወስዳ ነው ሲል አንተ ቀድመህ አዎ አዎ አልክ። ያን ቀንም ገርሞኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ አንድ ነገር ሞከርኩ። የወለላን ጥጃ ጓሮ አስሬ ማለብ ጀመርኩ። ጠብ አላለም! ጥጃዋን አምጥቼ ትንሽ ካስጠባኋት በኋላ ግን ወተቷን ለቀቀችው። ዳሎቻ እያለን እናታችን፣ አላህ ይርሐማትና፣ የምታልባት የሀበሻ ላም እንዲሁ አልነበረችም? ጥጃዋ አጠገቧ ካልቆመ የማትለቅ። ቡሬ ባልዲውን ስታይ ትለቅ ነበር። እዚያው በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ በንዴት ይሁን በናፍቆት አላውቅም።

ምን እንደሆነ ይገባኛል። ላም ኮርማ የምትፈልገው ለአንድ ቀን እንኳ አይሞላም፤ ብቻህን ነበርክ፣ ጊዜው ካለፈ ሬድዋን ይጮህብኛል ብለህ ፈራህ። ለዚያ አልቀየምህም። የምቀየምህ አሁን ዝም ካልክ ነው። እኔ ለሬድዋን ብነግረው ቡሬን ስለምትወጂ የፈጠርሽው ነው ይለኛል። አንተ ካልከው ግን ያምንሃል። ወለላን አስቀርተን ቡሬን ከሸጥን የዚያ ሁሉ ዓመት ልፋታችን ከነሆዷ የረዳ መኪና ላይ ወጣ ማለት ነው። ተሳስቼም ከሆነ ማልልኝና ንገረኝ፤ ዘነበ ላይም ለሁለተኛ ጊዜ እጮህበታለሁ።

ሬድዋን ሰላም ይልሃል፤ ይህን መጻፌን አያውቅም እንጂ ይል ነበር። ኢልሃም አጎቴ አሻንጉሊት ይላክልኝ ብላለች። እትዬ አገርነሽ ሰላም በዪልኝ ስትል ዓይኗን በደንብ አየሁት፤ ምስኪን ናት፣ ጆንያውን አንስቼላታለሁ። አብረውህ ለሚኖሩት ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

እስከዚያ እሑድ ድረስ ለሬድዋን ካልደወልክለት፣ ረዳ ሲመጣ በረቱ ውስጥ የሚያገኘው ወለላንና ጥጃዋን ብቻ ነው። ቡሬን ይዤ ያን ቀን አንተ በወሰድካት መንገድ ወደ እንጦጦ እወጣለሁ። ስመለስ ሬድዋን ከየት መጣሽ ካለኝ፣ ታክሲ አጥቼ በእግሬ ነው እለዋለሁ።

እህትህ ዙሌካ
የካ፣ ኮተቤ ላይኛው ሰፈር፣ አዲስ አበባ
ኅዳር ፲፩ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.